ምልክት የሌላት ካፓሲተር፦ ማንነቷን ለማወቅ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

የግራፊክስ ካርዴን አቧራ ላራግፍ ነቅዬው ነበር። ማቀዝቀዣውን ስፈታ ካቻቢቴው አዳለጠኝና ከካርዱ ጀርባ፣ ከወርቃማዎቹ ጥርሶች አጠገብ፣ አንዲት ነገር ብን ብላ ጠፋች። ከጉንዳን ታንሳለች። ምንጣፉን በእጅ ባትሪ እያበራሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግኳት። የለችም።

ካርዱን መልሼ ሰካሁት። ሠራ። ምስልም መጣ። "ተረፍኩ" ብዬ ልዘጋው ስል ግን የካርዱን መረጃ የሚያሳየው ፕሮግራም በ16 ሌን (ካርዱና ኮምፒውተሩ መረጃ የሚለዋወጡበት መስመር) ፈንታ በ8 ሌን እየሄደ መሆኑን አሳየኝ። በአንዲት ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ ይዛ በምትለቅ ቅንጣት፣ የመንገዱ ግማሽ ተዘጋ ማለት ነው። በቦታዋ የቀሩት ሁለት የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ብቻ ናቸው። በግራም በቀኝም የተደረደሩት ጎረቤቶቿ ላይ ምንም አልተጻፈም። ስንት ነበረች?

ይህን ጥያቄ ለሚያውቅ ሰው ብታቀርቡ የምታገኙት ምክር ብዙ ነው። አንዱ "ለካት" ይላል። ሌላው "ስኬማቲኩን (የሰርኪዩቱን ሥዕል) ፈልግ"። ሌላው "ከሞተ ቦርድ ንቀል"። ቸኩሎ ያለው ደግሞ "100 ናኖ ለጥፍባትና እለፍ" ይላችኋል፤ ናኖፋራድ ማለቱ ነው፣ ፋራድ የካፓሲተር መጠን መለኪያ ነው። የሚገርመው ሁሉም አንዳንዴ ልክ ናቸው። የቱ መቼ ልክ እንደሆነ ነው ችግሩ። በኔ እምነት ሰው የሚሳሳተው ካፓሲተሯን ከቦታዋ ነጥሎ ስለሚያያት ነው። ካፓሲተሯ ዝም ትላለች። ቦታዋ ግን ብዙ ያወራል።

ቁጥሩ የት ሄደ?

ትልልቆቹ አያስቸግሩም። ጣሳ የመሰሉት ላይ ማይክሮፋራዱም ቮልቱም ተጽፏል። ጡብ የመሰሉት ታንታለሞችም ኮድ አላቸው። 107 ካለ፣ 10 ጽፋችሁ ሰባት ዜሮ ጨምሩበት። በፒኮፋራድ ነው (አንድ ማይክሮ 1000 ናኖ፣ አንድ ናኖ 1000 ፒኮ ነው)፤ 100 ማይክሮፋራድ ይሆናል። በነገራችን ላይ የታንታለሙ መስመር የሚያሳየው ፖዘቲቩን ነው፣ የጣሳው ጥቁር ምልክት ግን ኔጋቲቩን። ይህን አገላብጦ ያስገባ ሰው ጭሱን አይቶ ነው የሚማረው።

ራስ የሚያዞሩት ቡናማ ሴራሚኮቹ ናቸው። ስስ የሴራሚክና የብረት ንብርብሮች ተደራርበው፣ እንደ ሸክላ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ተተኩሰው የሚሠሩ ናቸው። ሬዚስተር ላይ ቁጥር የምናየው ከላይ የተቀባ ሽፋን ስላለው ነው። ሴራሚኳ ግን እርቃኗን ናት። ልኳም ትንሽ ነው፦ 0402 የምትባለዋ 1 ሚሊሜትር በግማሽ ሚሊሜትር ናት፤ 0201 ደግሞ 0.6 በ0.3። ፋብሪካ ውስጥ በጥቅል ነው የሚመጡት። ስማቸው ያለው ጥቅሉ ላይ ነው። ማሽኑ አንስቶ ቦርዱ ላይ ካሳረፋቸው በኋላ ማንነታቸውን የሚያውቀው የዲዛይኑ ሰነድ ብቻ ነው።

ስለ ልክ ካነሳን አንድ ወጥመድ አለ። 0603 ስትገዙ የኢንቹ ይሁን የሜትሪኩ አረጋግጡ። በኢንች አጠራር 0603 ማለት 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር ነው። በሜትሪክ አጠራር 0603 ማለት ግን ያቺው የኢንች 0201 ናት። በዚህ ስህተት በዓይን የማይታይ አቧራ የሚመስል ነገር የገዛ ሰው አውቃለሁ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

መንገድ ከመምረጥ በፊት ቦታዋን ጠይቁ

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ንቀሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም አላቅቁ። ከዚያ ነገሯ በእርግጥ ካፓሲተር መሆኗን አረጋግጡ። ቦርዱ ላይ ፊደል ከታተመ ቀላል ነው፦ "ሲ" ካፓሲተር፣ "አር" ሬዚስተር፣ "ኤል" ኮይል ናት። ብዙ የላፕቶፕ ቦርዶች የኃይል ክፍሉን ካፓሲተሮች "ፒሲ" ብለው ይጀምራሉ። ፊደል ከሌለ ሰውነቷን እዩ። ሬዚስተር ጠፍጣፋ ናት፣ ጀርባዋ ጥቁር ጎኗ ነጭ። ካፓሲተር ዙሪያዋን አንድ ዓይነት ቀለም አላት፣ ወፈርም ትላለች። ጥቁር ግራጫ ሆና መልቲሜትሩ ላይ ጢጥ የምትል ከሆነ ፌራይት ቢድ (ኃይል እያሳለፈች ረብሻ የምታጣራ) ልትሆን ትችላለች። እሷን በካፓሲተር ከተካችሁ ኃይሉን ቆረጣችሁት ማለት ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ። መልቲሜትሩን ጢጥ የሚለው ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ የብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ብረት ላይ፣ ሌላውን ተራ በተራ ባዶዎቹ ሁለት ነጥቦች ላይ አሳርፉ።

አንዱ ነጥብ ጢጥ ካለ፣ ማለትም ግራውንድ (የቦርዱ የጋራ ዜሮ ቮልት) ከሆነ፣ ካፓሲተሯ ባብዛኛው ቮልቴጅ ማረጋጊያ ናት። ቦርዱ ላይ ካሉት አብዛኞቹ ይህን ነው የሚሠሩት። እነዚህ ላይ ማይክሮፋራዱ ትንሽ ቢዛነፍ ቦርዱ አይቆጣም። የምትችለው ቮልቴጅ ካነሰ ግን ይቆጣል። (ሁለቱም ነጥቦች ጢጥ ካሉ መስመሩ ላይ ሌላ ሾርት (ያለቦታው ከግራውንድ ጋር የተገናኘ ነገር) አለ፣ ወይም መስመሩ የፕሮሰሰሩ ነው። የፕሮሰሰርና የግራፊክስ ቺፕ ዋና መስመር ጤነኛ ሆኖም ጥቂት ኦም ወይም ከዚያ በታች ሊያሳይ ይችላል፤ በጢጥታ ብቻ አትፍረዱ።)

ሁለቱም ዝም ካሉ ነገሩ ይለያል። ካፓሲተሯ ባብዛኛው መንገዱ መሐል የተቀመጠች ናት፤ ሲግናል በእሷ በኩል ያልፋል። እዚህ ላይ መጠኑን የሚወስነው የቦርዱ ሠሪ ፍላጎት ሳይሆን የግንኙነቱ ደንብ ነው፣ ደንቡ ደግሞ ይታወቃል። ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ግንኙነት) በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ከ75 እስከ 200 ናኖፋራድ ይላል፣ በተግባር 100 ይደረጋል። ሦስተኛው ትውልድ ከ176 እስከ 265 አደረገው፣ በተግባር 220። ዩኤስቢ 3 ከ75 እስከ 200። ሳታ (የሃርድ ዲስክ ግንኙነት) ከ12 ናኖፋራድ እንዳይበልጥ ይላል፣ ስለዚህ 10 ታገኛላችሁ። "100 ናኖ ለጥፍና እለፍ" የሚለው ምክር ሳታ ላይ ሲደርስ አሥር እጥፍ የሚስተው ለዚህ ነው።

ከግራውንድ ጋር የተያያዘች ሆና ግን ማረጋጊያ ያልሆነች አንዲት ዓይነት አለች። የብረት ቆብ ያለው ክሪስታል (ለቦርዱ ምት የሚሰጠው) አጠገብ ጥንድ ሆነው የሚቀመጡት ናቸው። መጠናቸው በፒኮፋራድ ነው፣ ከ10 እስከ 22 አካባቢ። እዚያ 100 ናኖ ብታስገቡ ክሪስታሉ መርገብገቡን ያቆማል፣ ቦርዱም አይነሳም። በኃይል መቆጣጠሪያ ቺፖች ጥግ የሚገኙት የፊድባክ መስመር (ቺፑ የሚያወጣውን ቮልቴጅ የሚከታተልበት) ካፓሲተሮችም እንዲሁ በግምት የሚነኩ አይደሉም።

መንገዶቹ ሲወዳደሩ

ስኬማቲክ ካገኛችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ልኩን፣ ማይክሮፋራዱን፣ ቮልቱን፣ የሴራሚኩን ዓይነት፣ ሁሉንም በአንድ መስመር ይሰጣችኋል። ቦርድቪው የሚባለው ፋይል ደግሞ የትኛዋ ካፓሲተር የት እንዳለችና ከምን ጋር እንደተያያዘች ያሳያል፤ እንደ ኦፕንቦርድቪው ያለ ነፃ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ሁለት ነገሮች ላይ ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የቦርዱ ቁጥርና ሪቪዥን (የስንተኛ እትም መሆኑ) ከፋይሉ ጋር አንድ መሆን አለበት። የላፕቶፑ የንግድ ስም አንድ ሆኖ ውስጡ የተለያየ ቦርድ መሆኑ የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ ስኬማቲክ ላይ ያለች ሁሉ ቦርዱ ላይ አትገኝም። "ዲኤንፒ" ወይም "ኤንሲ" ተብሎ የተጻፈባት፣ አንዳንዱ ሠሪ ዘንድ ደግሞ የ"አት" ምልክት የተደረገባት፣ ከፋብሪካው ጀምሮ ባዶ የተተወች ናት። ባዶ ነጥብ ያየ ሁሉ "ጠፍታለች" ብሎ ስንት ቀን ባዝኗል።

ስኬማቲክ ከሌለስ? እኔ መልቲሜትር ከማንሳቴ በፊት መንታ ቦርድ እፈልጋለሁ። ሞዴሉም ሪቪዥኑም አንድ የሆነ፣ በሌላ ምክንያት የሞተ ቦርድ። ይህ መንገድ የሚገባውን ክብር አላገኘም። ካፓሲተሯን ከዚያ ነቅላችሁ እዚህ ስትተክሉ ስንት እንደሆነች ማወቅ እንኳ አይጠበቅባችሁም። ቮልቷም ልኳም ዓይነቷም አብሯት ይመጣል። ከመትከላችሁ በፊት ሾርት አለመሆኗን ብቻ እዩ። መንታው በእጅ ባይገባ እንኳ ጥርት ያለ ፎቶው ይጠቅማል፤ ቢያንስ ነጥቡ ከመጀመሪያው ባዶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ይነግራችኋል።

መንታም ከሌለ እህት ትኖር ይሆናል። ቦርድ ላይ ብዙ ነገር ይደጋገማል። የፕሮሰሰሩ ኃይል በአራት ወይም በስምንት ተመሳሳይ ፌዝ (የየራሱ ኮይል ባለው ቅርንጫፍ) ተከፍሎ ይመጣል። የራም ሶኬቶች ይደጋገማሉ። ሌኖች ይደጋገማሉ። ከሦስተኛው ፌዝ ኮይል በስተቀኝ የጎደለችው ከሁለተኛው ፌዝ ኮይል በስተቀኝ ካለችው ጋር አንድ ናት ቢባል ስህተቱ እምብዛም ነው። ልብ በሉ፣ እህት የምላት በመልክ የምትመሳሰለውን አይደለም። አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ የምትሠራውን ነው።

አሁን ወደ መለካት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ቦርዱ ላይ እንዳለች መለካት ለማረጋጊያዎቹ አይሆንም። በአንድ የኃይል መስመር ላይ ሃያ ባለ 22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ካሉ፣ የትኛዋም ላይ ብታሳርፉ መልቲሜትሩ የሚያነበው የሁሉንም ድምር፣ ወደ 440 ነው። ጣሳዎቹም ይጨመሩበታል። ስለዚህ ነቅላችሁ መለካት ግድ ነው። መንገድ መሐል ያሉት ግን ካርዱ ከሶኬቱ ወጥቶ ሳለ ባሉበት ሊለኩ ይችላሉ። በጥርሱ በኩል ያለው ጫፋቸው ምንም አይነካም፣ ስለዚህ ድምር የሚባል ነገር የለም።

ነቅላችሁ ስትለኩ ደግሞ ሙቀቱን ጠብቁ። ኤክስ5አርና ኤክስ7አር የሚባሉት ሴራሚኮች ያረጃሉ፦ ማይክሮፋራዳቸው ከጊዜ ጋር ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከ125 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ ግን እርጅናው ይሰረዝና እንደ አዲስ ይጀምራሉ። መበየጃው ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። አሁን የተነቀለች ካፓሲተር ከወትሮዋ ከፍ ብላ ብትነበብ አይግረማችሁ። ልኬቱ እንዲታመን ከፈለጋችሁ ለአንድ ቀን አሳድሯት።

መሣሪያውም ይለያያል። ተራ መልቲሜትር ከጥቂት ናኖፋራድ በላይ ላለው ይበቃል። ፒኮፋራድ ላይ ሲደርስ ገመዶቹ ራሳቸው ብዙ ፒኮፋራድ ስለሚጨምሩ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ኤልሲአር ሜትር፣ በተለይ እንደ ወረንጦ የሚይዘው ዓይነት፣ ለእነዚህ ትንንሾች የተፈጠረ ነው። እስከ 10 ማይክሮፋራድ ላለው 1 ኪሎኸርትዝ፣ ከዚያ በላይ 100 ወይም 120 ኸርትዝ፣ ለፒኮፋራድ ደግሞ የመሣሪያውን ትልቁን ድግግሞሽ ምረጡ። የምታገኙት ቁጥር ክብ አይሆንም። 9.1 ማይክሮፋራድ ካነበባችሁ ባለ 10 ናት፤ 0.093 ካነበባችሁ ባለ 100 ናኖ ናት።

እንግዲህ የልኬት ትልቁ ድክመት ይኸውና፦ ቮልቴጇን ምንም ዓይነት ሜትር አይነግራችሁም። ባለ 6.3 ቮልትና ባለ 25 ቮልት ካፓሲተር ሜትሩ ላይ አንድ ዓይነት 10 ማይክሮፋራድ ሊሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዋን የላፕቶፑ ባለ 19 ቮልት መስመር ላይ አስቀምጧትና ታያላችሁ። ስለዚህ የለካ ሰው ግማሹን ነው ያወቀው። ሌላው ግማሽ ከቦታው ነው የሚገኘው።

የቺፑ ዳታሺት (የሠሪው መግለጫ ሰነድ) በጥድፊያ የሚታለፍ ነው፣ ግን አምስት ደቂቃ ይገባዋል። ካፓሲተሯ ከኃይል ቺፕ አጠገብ ከሆነች በቺፑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ በማጉያ አንብቡና ሰነዱን ፈልጉ። ውስጡ የናሙና ሰርኪዩት ሥዕል አለ። ብዙ ቦርድ ሠሪዎች ያንን ሥዕል ብዙም ሳይነኩ ነው የሚገለብጡት። የቡትስትራፕ ካፓሲተሯ (የቺፑን ማብሪያ የምታግዘው) ስንት እንደሆነች፣ የመግቢያዋ ስንት እንደሆነች እዚያው ተጽፎ ታገኛላችሁ።

በዓይን መለየትስ? ቡናማዋ ይሄ ናት፣ ግራጫዋ ያቺ ናት የሚሉ አሉ። ቀለሙ የሴራሚኩን ቅመም እንጂ ማይክሮፋራዱን አይናገርም፣ ያም ቢሆን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ዓይን የሚጠቅመው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ልኩን በሚሊሜትር ለመያዝ።

የናንተ ሁኔታ የትኛው ነው?

ካፓሲተሯ በእጃችሁ ካለችና ደህና ከሆነች ለኳት፣ ቮልቷን ከመስመሩ ውሰዱ፣ አለቀ።

ሾርት ሆና ከሞተች መለካት የለም። እንደኔ ከጠፋችም የለም። እነዚህ ላይ ቅደም ተከተሌ ስኬማቲክ፣ መንታ፣ እህት፣ ዳታሺት ነው። ማረጋጊያ ከሆነችና አሥር እህቶች ጎን ለጎን ካሏት፣ ያለ እሷ ቦርዱን አስነስቶ መሞከር ነውር የለውም። ሾርት የሆነችውን ብቻ አውጥተው ቦርዱ ለዓመታት የሠራላቸው አሉ። እኔ ለሙከራ እንጂ ለዘለቄታው አልመክረውም። መንገድ መሐል ያለችን ወይም የክሪስታል ጥንድን ግን መዝለል አይቻልም።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ግምት ፈጽሞ አይገባም፦ ከግድግዳው ሶኬት ጋር በቀጥታ የሚገናኘው የፓወር ሰፕላይ ክፍል። እዚያ ያሉት ሰማያዊ ክቦችና ቢጫ ሳጥኖች የደህንነት ፈቃድ ያላቸው ልዩ ዓይነት ናቸው። ትልቁ ጣሳ ደግሞ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሙያው ከሌላችሁ ክዳኑን አትክፈቱ።

ምትኳን ስትገዙ

ቮልቱ ላይ አትቆጥቡ። 19 ቮልት መስመር ላይ ትንሹ 25 ነው፣ ባለ 35 ካገኛችሁ የተሻለ። 12 ቮልት ላይ ቢያንስ 16፣ ቢቻል 25። 5 ቮልት ላይ 10፣ 3.3ና ከዚያ በታች ላይ 6.3 ይበቃል። ከፍ ማለቱ ጉዳት የለውም። ምክንያቱ መፈንዳት ብቻ አይደለም። እነዚህ ሴራሚኮች ቮልቴጅ ሲጫንባቸው ማይክሮፋራዳቸው ይወርዳል። 6.3 ቮልት የተባለች ትንሽ ባለ 10 ማይክሮፋራድ፣ እስከ ጫፏ ስትጫን ከግማሽ በላይ ልታጣ ትችላለች። ነጥቡ የሚችላት ከሆነ በሰውነት ተለቅ ያለችው ያነሰ ታጣለች።

ዓይነቱ ላይ ኤክስ5አር እስከ 85 ዲግሪ፣ ኤክስ7አር እስከ 125 ዲግሪ ይሠራሉ። ፕሮሰሰርና ኮይል አጠገብ ኤክስ7አር ልቡን ያሳርፋል። ዋይ5ቪ የምትባለውን በርካሽ ብታገኟትም ተዉአት፤ ሙቀቱ ሲለዋወጥ እስከ 82 በመቶ እንድትቀንስ የተፈቀደላት ናት። ለፒኮፋራዶቹ ሲዜሮጂ የሚባለውን ዓይነት ውሰዱ፣ ሌላ አትሞክሩ።

ወደኔ ካርድ ስመለስ፣ ስኬማቲኩን አላገኘሁም፣ መንታም አልነበረኝም። ሁለቱም ነጥቦች ከግራውንድ ጋር ዝም አሉ። ካርዱ የሦስተኛው ትውልድ ነው። ካጠገቧ ያሉትን አራት እህቶች ባሉበት ለካኋቸው፦ ሁሉም ከ205 እስከ 225 ናኖፋራድ መሐል። ባለ 220 ናኖ፣ 0402፣ ኤክስ7አር፣ 16 ቮልት ገዛሁ። አሥር ነው የሚሸጡት፤ ሦስቱን በወረንጦ ስይዛቸው ተፈናጥረው ጠፉ። አራተኛዋ ተበየደች። ካርዱ ወደ 16 ሌን ተመለሰ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልሲዬ ላይ አንዲት ቡናማ ነገር ተለጥፋ አገኘሁ። ለካኋት። 214 ትላለች። የመጀመሪያዋ ትሁን ከሦስቱ አንዷ፣ ምን ተጽፎባት ልወቅ።